አዝማሪው፣ ትሩባዱሩና የዘ ሄግ የሒሳብ መዝገብ

በሮተርዳምም ሆነ በአምስተርዳም ሐበሻ ተሰብስቦ ስለ ዘፈንና ስለ ግጥም ሲጨዋወት አንድ ንጽጽር መምጣቱ አይቀርም። ፈረንጆቹ ትሩባዱር ነበራቸው ይባላል፤ ክራር መሰል መሣሪያውን አንግቶ ከግንብ ወደ ግንብ እየዞረ ለፍቅሩ ብቻ የሚያዜም፣ የማንንም ደጅ የማይጠና ነጻ ባለቅኔ። እኛ ደግሞ አዝማሪ ነበረን፤ ያበላውን የሚያወድስ፣ የነፈገውን የሚሸነቁጥ፣ ብር ግንባሩ ላይ ካልተለጠፈለት ማሲንቆው የማይሞቅለት። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ በሠርግ ቤት የማሲንቆ ድምፅ ሲሰሙ ነጠላቸውን አደግድገው የሚነሡ፣ ትዝታ ሲቃኝ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ናቸው። አዝማሪውን ይወዱታል። ባለቅኔ ነው ተብሎ ከዮፍታሔ ንጉሤ ወይም ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ጎን ይሰለፍ ሲባል ግን ፊታቸው ይለወጣል። የሚያሳፍራቸው ዘፈኑ ሳይሆን የተዘረጋው እጅ ነው።

እኔ የምለው ይህ እፍረት በሌለ ሰው ላይ የቆመ ነው። ለፍቅሩ ብቻ የሚያዜመው፣ ሽልማት የማይነካው ትሩባዱር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ጸሐፊዎችና በኦፔራ መድረክ ያደገ ሥዕል ነው፤ የቬርዲ «ኢል ትሮቫቶሬ» በ1853 ለተመልካች ሲቀርብ እውነተኞቹ ትሩባዱሮች ከሞቱ አምስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዘመናቱን በአውሮፓ አቆጣጠር የምጠቅስ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበልልኝ)። እውነተኛው ትሩባዱር ራሱ መስፍን ካልሆነ በቀር በሽልማት ያደረ፣ ሲቀርበት ያማረረ፣ ስለ ልኩም የተሟገተ ሰው ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ደቡብ ፈረንሳይ ድረስ መውረድ እንኳ አያስፈልግም። ዛሬ የሮተርዳም ሰፈር በሆነች መንደር ስም የሚጠራ፣ በዘ ሄግ ቤተ መንግሥት እየተጠራ ግጥሙን ያንበለበለ አንድ ሰው አለ፤ የተከፈለው ገንዘብም እስከ ሳንቲሙ ተመዝግቧል። ሆኖም ነገሩ ከሥሩ እንዲያዝ ከደቡብ ፈረንሳይ እንጀምር።

ለንጉሥ የቀረበ አቤቱታ

ግጥሙ ለእኛ ከደረሰልን ትሩባዱሮች የመጀመሪያው የአኪቴኑ መስፍን ጊልየም 9ኛ (1071–1126) ነው። የዚህ ሰው ግዛት የፈረንሳይ ንጉሥ በቀጥታ ከሚያዝዘው መሬት ይሰፋ ነበር። እንዲህ ያለ ጌታ ለማንም እጅ አይነሣም፤ በኦክሲታን ቋንቋ ይገጥማል፣ ይቀልዳል፣ አንዳንዴም ይባልጋል፣ ሲሰለቸው ይተወዋል። የ«ነጻው ባለቅኔ» ሥዕል መነሻው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ከእርሱ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት ከተነሡት፣ በስም ከሚታወቁት ከ400 የሚበልጡ ገጣሚዎች እንደ እርሱ ያለ ጌታ የሆኑት ጥቂቶች መሆናቸው ነው። የቀሩት መሬት የሌላቸው የባላባት ልጆች፣ ከቤተ ክህነት ትምህርት ያፈነገጡ ተማሪዎች፣ የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ልጆች ነበሩ። የማርሴዩ ፎልኬት ነጋዴ ነበር፤ ኋላ መንኩሶ ጳጳስ ሆነ። በፍቅር ግጥም ከሁሉ የላቀ የሚባለው በርናርት ዴ ቬንታዶርን ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈለት አጭር የሕይወት ታሪክ እንደሚለው በቬንታዶርን ግንብ የእንጀራ ምድጃ የሚያነድ አገልጋይ ልጅ ነው። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህን አያምኑም፤ በርናርትን በትውልዱ ያላገጠበት የሙያ ባልንጀራው ፔይር ዳልቨርኛ ነበርና፣ ታሪክ ጸሐፊው ፌዙን እንደ እውነት ሳይወስደው አልቀረም ይላሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ገጣሚ ገጣሚን ሲያዋርድ መጀመሪያ የሚያነሣው «የማን ልጅ ነህ» የሚለውን ነበር። ጎንደርና ናርቦን በዚህ ተመሳሳይ ናቸው።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚጠቅመኝ ግን የናርቦኑ ጊራውት ሪኪዬር ነው። ብዙዎች «የመጨረሻው ትሩባዱር» ይሉታል። የተወለደው 1230 ገደማ ነው፤ ይኸውም ከ1209 እስከ 1229 በአልቢጀንሶች ላይ የዘመተው የመስቀል ጦር የደቡቡን መሳፍንት ሰባብሮ፣ ገጣሚ የሚቀበለውን ግቢ ካመነመነው በኋላ። ጊራውት በመጀመሪያ የናርቦንን ቪኮንት አገለገለ፤ ጌታው በ1270 ሲሞት ወደ ካስቲል ተሻግሮ በንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ግቢ ወደ አሥር ዓመት ተቀመጠ። ከትሩባዱሮች ሁሉ ብዙ ዜማ የተረፈለት እርሱ ነው፤ 48። የተረፈውም ሥራዎቹን ቀን እየጻፈ፣ በተራ እየሰደረ በማኖሩ ነው፤ በዘመኑ ከእርሱ በቀር እንዲህ የተጠነቀቀ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ሰው በ1274 ለንጉሡ ረጅም የግጥም አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታው ዝንጀሮ የሚያስጨፍር፣ ፍየል የሚያዘልል፣ የወፍ ድምፅ የሚያስመስል፣ በአደባባይ ለሳንቲም የሚገለባበጥ ሁሉ እርሱ በሚጠራበት ስም እየተጠራ ነውና ንጉሡ ይለይልኝ የሚል ነበር። በ1275 በንጉሡ ስም መልስ ወጣ፤ መልሱን የጻፈው ራሱ ጊራውት ነው ብለው የሚያምኑ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። መልሱ ባለሙያዎችን በደረጃ ይከፍላል፦ ከታች የአደባባይ አጫዋቹ፣ ከእርሱ በላይ መሣሪያ እየመታ የሌላውን ግጥም የሚያቀርበው፣ ከዚያ ራሱ ግጥምና ዜማ የሚያወጣው፣ ከሁሉ በላይ በግጥሙ ሰውን የሚያስተምረው ሊቅ። ጊራውት ራሱን የት እንዳስቀመጠ መገመት አይከብድም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሽልማት ይቅር የሚል አንድም ቦታ የለም። ጊራውት የጠየቀው ክብሩም ስጦታውም እንደየደረጃው እንዲሆን ነው። መቀበል አላሳፈረውም፤ ያሳፈረው ከዝንጀሮ አስጨፋሪ ጋር በአንድ መዓድ መቆጠሩ ነው። እኛ በትሩባዱሩና በአዝማሪው መካከል የምናሰምረውን መሥመር እርሱ በትሩባዱሮች መካከል ነበር ያሰመረው፤ ያሰመረውም ለእንጀራው ብሎ ነው።

የሂለገርስበርጉ ዊለም

ሂለገርስበርግ ዛሬ በሮተርዳም ሰሜን በኩል፣ በሐይቆቹ ዳር ያለ የደኅና ገቢ ሰዎች ሰፈር ነው። ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ፍራሽ ቆሞ ይታያል። በ1350 አካባቢ ሰፈሩ ከከተማ የራቀ መንደር ነበር፤ ዊለም ፋን ሂልደጋርስበርኽ የሚጠራው በዚሁ መንደር ስም ነው። ዊለም ትሩባዱር አይደለም፤ ዘመኑም ቋንቋውም ሌላ ነው፣ ደግሞም ያንበለብል ነበር እንጂ አልዘፈነም። ሥራው ግን ያው ነው። ከግቢ ወደ ግቢ ይዞራል፣ በበዓል በግብር ጊዜ ይቀርባል፣ ጌቶቹና እንግዶቻቸው ፊት ቆሞ ራሱ የገጠመውን ይናገራል፣ የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። ላቲን አያውቅም፤ ከሊቃውንቱ ወገን እንዳልሆነም ራሱ ያነሣዋል። ወደ 120 የሚጠጉ ግጥሞቹ ግን በሁለት ዋና ዋና የእጅ ጽሑፎች ተርፈዋል፤ አንዱ በዘ ሄግ፣ ሌላው በብራሰልስ። በ1870 በዘ ሄግ ታተሙ፤ በ1991 ደግሞ ቴዎ ሜደር ስለ ሕይወቱና ስለ ሥራው አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈበት።

መጽሐፍ ሊጻፍበት የቻለው በግጥሙ ብቻ አይደለም። የሆላንድ ኮንቶች ግቢ የሒሳብ መዝገብ ስለተረፈ ነው። እስከ 2021 ፓርላማው ይቀመጥበት በነበረው በቢነንሆፍ የግምጃ ቤቱ ሹም ለፈረስ ገፈራ ያወጣውን፣ ለወይን የከፈለውን፣ ለመለከት ነፊ የሰጠውን ሁሉ ይጽፍ ነበር፤ በዚያው መዝገብ፣ በዚያው እጅ፣ ለዊለም የተሰጠውም ተጽፏል። ስሙ ከ1380ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1408 ድረስ ይመላለሳል። የባቫሪያው አልብሬኽት ግዛቱን በያዘበት ዘመን ተጠራ፤ አልብሬኽት በ1404 ሞቶ ልጁ ዊለም 6ኛ ሲተካም መጠራቱን ቀጠለ። ሩብ ምዕት ዓመት ማለት ነው። አንድ ጌታ የሰለቸውን አወዳሽ ይህን ያህል አይጠራም።

ታዲያ ምን ነበር የሚላቸው? ይህ ነው የክርክሩ እምብርት። ዊለም ሙያው ውዳሴ አልነበረም፤ ተግሣጽ ነበር። ፍርድ በገንዘብ ስለ መጣመሙ፣ ጌታን ስለሚያሳስቱ ምክር ሰጪዎች፣ ስለ ቄሶች ስግብግብነት፣ ሀብታሙ ድሀውን ስለ መርሳቱ ነበር የሚናገረው። ሆላንድ ከ1350 ጀምሮ «ሁክ» እና «ካቤልያው» በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍላ ትታመስ ነበር። ከወንድማማቾች ጠብ የማይተናነስ ነው፤ አንዱ ወገን በግቢ ሲሾም ሌላው ይሰደዳል። በ1392 የአልብሬኽት ውሽማ አሌይድ ፋን ፑልኼስት እዚያው ዘ ሄግ፣ ከግቢው ደጃፍ ተገደለች፤ የገዛ ልጁም ተጠርጥሮ ሸሸ። ዊለም እነዚህ ወገኖች በሆላንድ እንዴት እንደ ተፈጠሩ የሚናገር ግጥም አለው፤ የሚያነበንበውም የሁለቱም ወገን ሰዎች ሰይፋቸውን ታጥቀው ሊቀመጡበት በሚችሉት አዳራሽ ነው። የሆላንድን ግቢ ሥነ ጽሑፍ በ1987 የጻፈው ፍሪትስ ፋን ኦስትሮም ይህን ዓለም ሲገልጠው ክብርን ከሁሉ በላይ ያስቀመጠ ዓለም አድርጎ ነው። ይህም አንዱን እንቆቅልሽ ይፈታልናል። ጌታ ለሚገሥጸው ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ክብሩ በሰጪነቱና በታጋሽነቱ ስለሚለካ ነው። በእንግዶቹ ፊት ተግሣጽ ሰምቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሽልማት ያዘዘ ጌታ ትልቅ ሰው ነው። ገጣሚውን ያስወጣ ጌታ ግጥሙ እንደነካው መሰከረ።

አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ማሲንቆው ወደ አንተ ጠረጴዛ ሲዞር፣ ስምህ ተጠይቆ፣ ቦርጭህና ጫማህ ታይቶ፣ ግማሹ ውዳሴ ግማሹ ጉሸማ የሆነ ስንኝ ሲወርድብህ የቀረችህ መንገድ አንድ ናት፤ ስቀህ እጅህን ወደ ኪስህ መስደድ። ኮስተር ያልክ እንደሆን ቤቱ ሁሉ ያንተን ነገር ያውቃል። ብሩ የሚከፈለው ለውዳሴው ነው ብለን ስንፈርድ የምንስተው ይህን ነው። ሽልማቱ ገጣሚው ሊነካህ ፈቃድ እንዳለው ያመንክበት ምልክት ነው።

«ግን ይሸነግላል»

ተቃውሞውን አሳንሼ ማለፍ አልፈልግም፤ ሦስት መልክ አለው፣ ሁለቱ ጠንካሮች ናቸው። የመጀመሪያው አዝማሪ ይሸነግላል የሚለው ነው። አዎ፣ ይሸነግላል። በየሠርጉ፣ በየምርቃቱ፣ በየሹመቱ ድግስ የሚወርደው ስንኝ አብዛኛው ማር ብቻ ነው፤ ስሙን ቀይሮ ለሚቀጥለው ሰው የሚሆን። ዊለምም ቢሆን ደፋር ነው ብለን አንኩራራ። «ክፉ መካሪ» ይላል እንጂ እገሌ አይልም፤ ኮንቱን ራሱን በስም ጠርቶ አይነካም። የሁለቱም ድፍረት ገደብ አለው፤ ገደቡም የሚከፍላቸው እጅ ነው። ነገር ግን ከገደቡ ውስጥ ምን ሠሩ የሚለው ነው የሚመዘነው። ሰምና ወርቅ የሚባለው ጥበባችን የደረጀው ፊት ለፊት መናገር የማይቻልበት ቦታ ስለ ነበር ነው። ፍጹም ነጻ ሰው ቅኔ ለመቀኘት አይጨነቅም፤ ቃል በቃል ተናግሮ ይሄዳል።

ሸንጋይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ገዢ አይፈራውም ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማርሻሉ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ ጠንቋዮች፣ ንግርተኞችና እየዞሩ በዜማ ወሬ የሚያወሩ ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ፤ ለሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም የሰጠው ምክንያት የኢጣልያ አገዛዝ በቅርቡ ያከትማል እያሉ ሕዝቡን ያነሣሣሉ የሚል ነበር። አዝማሪው በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ነው። ቀደም ብሎም በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለሚመጣው ጦርነት ሊያነቃቃ ሲነሣ የሰበሰበው ማሲንቆ ያነገቱትን ነው። ስለ ጥበብ ሁላችንም ልንሳሳት እንችላለን፤ ገዢዎች ግን የሚያሰጋቸውን ድምፅ ለይተው ማወቅ ይችሉበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። አዝማሪው የራሱን ግጥም አይገጥምም፤ ጠጪው «ተቀበል!» ብሎ የሚወረውርለትን እየተቀበለ ያዜማል፤ ታዲያ ገጣሚው ማን ነው? በጊራውት ሪኪዬር ደረጃ ከሄድን አዝማሪው ሁለተኛው እርከን ላይ ይቀራል፣ የሌላውን ቃል የሚያቀርብ። ለዚህ አንድ ግማሽ መልስ አለኝ። የተወረወረው ስንኝ ቀጥሎ ቤት ይመታ ዘንድ፣ ለሌላው ጠረጴዛ መልስ ይሆን ዘንድ፣ ሳይታሰብ ወደ ወርቁ ይዞር ዘንድ የሚያደርገው ባለማሲንቆው ነው፤ ይህን በሰኮንዶች ውስጥ የሚሠራ ሰው አቅራቢ ብቻ ነው ማለት ቀልድ ነው። ግማሹ መልስ ግን ይጎድላል። ግጥሙ በብዙ ሰው የተሠራ ስለሆነ የማንም ሳይሆን ይቀራል፣ ሌሊቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የዊለምን 120 ግጥም ይዘን ስለ ሰውዬው ጠባይ፣ ስለ ቂሙ፣ ስለ እርጅናው መነጋገር እንችላለን። ከጎንደር ወይም ከጎጃም አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አዝማሪ መርጠን እንዲህ እንነጋገር ብንል መያዣ የለንም። ጥፋቱ የአዝማሪው አይደለም፤ ሊጽፍ የሚችለው ካህንና ጸሐፌ ትእዛዝ እርሱን ከመጻፍ የተጠየፈ ስለ ነበር ነው። ቢሆንም ጉድለቱ ጉድለት ነው፣ አልክደውም።

እዚህ ላይ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነገር ይመጣል። ተሰማ ከአዝማሪ ቤት አልተወለደም፤ በምኒልክ ግቢ ያደገ፣ ኋላም ነጋድራስ የተባለ ባለ ማዕረግ ነው። በ1908 ወደ ጀርመን ተልኮ በርሊን ውስጥ ድምፁን በሸክላ አስቀዳ፤ አማርኛ ዘፈን በሸክላ ካኖሩት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ማሲንቆ መጫወቱ፣ በግብር ላይ ስንኝ መወራወሩ ማዕረጉን አልቀነሰበትም። ስሙ ተረፈ፤ በልጁ በይድነቃቸው ተሰማ ትጋትም ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰበሰቡ። ጥበቡ ያው ነው፣ መሣሪያው ያው ነው፣ ጨዋታው ያው ነው። እርሱ ባለቅኔ ተባለ፣ በዚያው ድግስ ላይ ከታች የተቀመጠው ባለማሲንቆ አዝማሪ ሆኖ ቀረ። የአኪቴኑ መስፍንና የምድጃ አንዳጁ ልጅ ታሪክ አዲስ አበባ ላይ ተደገመ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ለበርናርት በደቡብ ፈረንሳይ ተጻፈለት፣ ለኛው ባለማሲንቆ ግን አልተጻፈለትም።

አምስተርዳም የሰማችው

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀላሉ ነው፤ አዝማሪን ከፍ ከፍ የሚያደርገው ፈረንጅ ነው፣ እንግዳ ነገር ስለሚያምረው ነው ይባላል። ለዚህ የማነሣው የአምስተርዳሙን «ዘ ኤክስ» ነው። በ1979 የተቋቋመ የፓንክ ባንድ ነው፤ ጊታራቸው ጆሮ ይበጥሳል፣ ግጥማቸው መንግሥት አይወድም። በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየከተማው ዞሩ፤ በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን በአምስተርዳሙ ፓራዲሶ ሲያከብሩ ጌታቸው መኩሪያን ከአዲስ አበባ አስመጡት። ጌታቸው የተወለደው በ1935 ይፋት ነው፤ ክራርና ማሲንቆ ነክቶ ካደገ በኋላ ሳክስፎን ያዘ፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። በአፍ የሚባለውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን ማስጮኽን የፈጠረው እርሱ ነው። ዘ ኤክስን ከሰማ በኋላ ባንዴ ሁኑ ብሎ የጠየቃቸውም ራሱ ነው፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው አልበም ወጣ። ፈረንጆቹ አንድ የሸመገለ አፍሪካዊ ለጌጥ አላመጡም፤ ሽማግሌው ናቸው ወጣቶቹን የቀጠሩት።

ጌታቸው ጥብቅ ብለን ካየነው አዝማሪ አይደለም፤ የተቋም ሙዚቀኛ ነው። የጠቀስኩት ሽለላ ራሱ የሽልማት ጥበብ ስለሆነ ነው። ጀግናው ግዳዩን ቆጥሮ በጌታው ፊት የሚፎክረው ድርሻው እንዲታወቅለት ነው፤ ይህን የሰማ የአምስተርዳም ጎረምሳ ታዲያ ልመና አልሰማበትም። የዘ ኤክሱ ጊታሪስት ቴሪ ሄሰልስ የሚያወጣው ቴርፕ የተባለ ማተሚያ ዓይነ ስውሩን ድምፃዊ መሐመድ ጂሚ መሐመድንም አሳትሟል። «ተቀበል» የሚል ርእስ ባለው በዚያ የ2006 አልበም ጂሚ ኦርኬስትራ ያጀባቸውን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች መልሶ ወደ ክራርና ከበሮ ያወርዳቸዋል። ሲደመጥ ያስደነግጣል፤ ዘመናዊ ያልነው ዘፈን ሥሩ አዝማሪ ቤት እንደ ነበር ይሰማልና። እንግዳ ነገር ማማር ነው ከተባለም ይሁን፤ ቢያንስ ስሙን በሽፋኑ ላይ ጻፉለት፣ ዘፈኑንም በሸክላና በሲዲ አኖሩለት። የዘ ሄጉ ግምጃ ቤት ሹም ለዊለም ያደረገለት ከዚህ አይበልጥም።

አዲስ አበባ ውስጥ በዚያው ዘመን የተሠራ አንድ ነገር ነበረ። በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች መካከል መላኩ በላይ ፈንድቃን ከተራ መጠጥ ቤት ወደ ባህል ማዕከል አሳድጎት ነበር፤ ዘ ኤክስም ሌሎችም የውጭ ሙዚቀኞች ይመጡበት ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ስለ ልማቱ እዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አዝማሪ ቤት የሚሠራው ሰው እርስ በርሱ ሲተዋወቅ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሊጎሽም ሲችል ነው፤ ሰፈሩ ሲበተን ጨዋታው በሆቴል አዳራሽ ለቱሪስት የሚቀርብ ትርኢት ይሆናል። ስንኝ የሚወረውር የለም። ያኔ አዝማሪው በርግጥም ጊራውት እንደ ፈራው ከአደባባይ አጫዋች ጎን ይቆማል፤ ያቆምነውም እኛ ነን።

የሚቀረኝ ከአዝማሪ ቤተሰቦች ራሳቸው የሚመጣው ነገር ነው፤ እርሱ ከሁሉ ይከብደኛል። ሙያው በዘር የሚወረስ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር ጋብቻ የሚጠየፍ ገበሬ ነበር፤ ዛሬም ከዚያ ወገን የተወለደ ወጣት ከተማ ገብቶ ስሙ ሲታወቅ «ድምፃዊ ነኝ» ይላል፣ አያቱን አያነሣም። እርሱን «አዝማሪነትህን አትደብቅ» ለማለት ከእኛ ማንም መብት የለውም። ጊራውትም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከታቹ ተለይቶ ለመውጣት ከንጉሥ ማዕረግ ለመነ። አልሠራለትም። ከካስቲል ተመልሶ ወደ ናርቦን አገር ሲገባ የሚጠራው ግቢ ተመናምኗል፤ በ1292 ከጻፋቸው የመጨረሻ ግጥሞቹ በአንዱ ከጊዜው ዘግይቶ እንደ መጣ ያማርራል። ማዕረግ መለየት አልጠቀመውም፤ የጠቀመው ግጥሞቹን ቀን እየጻፈ ማኖሩ ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ክብር ይሰጠው የሚል ትልቅ ንግግር አይደለም። በሮተርዳምና በአምስተርዳም ለሠርግና ለአዲስ ዓመት ማሲንቆ ተጫዋች እናስመጣለን፤ በማስታወቂያው ላይ የዲጄው ስም በትልቁ ይወጣል፣ ባለማሲንቆው «ባህላዊ ሙዚቃ» ተብሎ ያልፋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚወርደውን ስንኝ ሃምሳ ሰው በስልኩ ይቀርጻል፣ ማን እንዳወጣው አንድም አይጽፍም። የሚከፈለውም ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ዩሮ ብቻ ነው፤ ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም። ስሙ በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፣ ክፍያው በውል ይሁን፣ ቀረጻው ከነስሙና ከነቀኑ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ግንባር ላይ መለጠፉም ይቀጥል፤ እርሱ የጨዋታው ክፍል ነው።